የልብስ ሰፊዋ ዓይኖች

«ሚጣ፣ እናትሽ መጥታ የምትለካን መቼ ነው?» ሲል ጠየቀ የቲያትር ክበቡ አስተማሪ። ትርኢቱ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አሥራ ስምንቱም ተዋንያን ልብስ ይፈልጋሉ።

በየዓመቱ የሚጣ እናት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትመጣና ልጆቹን አሰልፋ ትለካቸዋለች። «አንተ ልጅ፣ ትከሻህን ቤት ረስተኸው መጣህ እንዴ?» እያለች ስታስቃቸው ሚጣ በእናቷ ትኮራ ነበር። ዘንድሮ ግን ያ ቀን ባይመጣ ትመርጣለች።

«አትመጣም ቲቸር። ዓይኗን ታማለች።»

«ምን ችግር አለው? ሲሻላት ትመጣለች።»

«የሚተላለፍ ነው» አለች ሚጣ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ሐኪሙ ከሰው አትቀላቀዪ ብሏታል።»

አስተማሪው ከንፈሩን መጠጠና ሌላ ሰፊ እንደሚፈልግ ተናገረ። ከሚጣ ጎን የተቀመጠችው ጓደኛዋ ግን አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ይህቺን ልጅ ክፍሉ በሙሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ስሙም በከንቱ አልወጣላትም።

እውነቱ ሌላ ነበር። የሚጣ እናት ከሦስት ወር በፊት ከዓይኖቿ ሥር ያበጠውን ቆዳ በቀዶ ሕክምና አስነሥታለች። ሃያ ዓመት ሙሉ መርፌ ቀዳዳ ላይ ያፈጠጠ ዓይን ሥሩ ቢያብጥ አይገርምም፤ እሷ ግን መስታወት ባየች ቁጥር «አረጀሁልሽ እኮ» ማለት አብዝታ ነበር። በቀዶ ሕክምናው ቀን ሐኪሙ የሚቆርጠውን ቆዳ በእስክሪብቶ ሲያሰምርላት ሙያዋ አላስቀምጥ አላት። ከዓይኗ ሥር ቆንጠጥ አድርጋ እያሳየች፣ «ጨምርበት እንጂ! ይህቺንም አንሣልኝ፤ እኔ ለሁለተኛ ልኬት አልመለስም» አለችው። ሐኪሙ እምቢ ማለት ሲገባው ሳቀና ጨመረ። ይህንን ራሷ ናት፣ የዚያን ቀን ቤት ገብታ እየሳቀች ለሚጣ ያወራችላት።

ቁስሉ እየዳነ ሲሄድ ቆዳው አጠረ። የታችኞቹ የዓይኗ ቆቦች ወደ ታች ተጎተቱ፣ ከዚያም እንደ ኪስ ወደ ውጭ ተገለበጡ፤ ቀዩ ውስጣቸው ለሁሉም ሰው ይታያል። እንባዋ ሳታለቅስ ይወርዳል። ስትተኛ እንኳ ዓይኖቿ ገርበብ ብለው ነው የሚያድሩት። ሚጣ እናቷን ትወዳታለች፤ ግን እነዚያ አሥራ ስምንት ልጆች ተሰልፈው ይህንን ዓይን ከቅርብ ሲያዩት በሐሳቧ መጣባትና አፈረች። የዋሸችው ለዚህ ነው።

የስፌት ሱቋ ከመኖሪያ ክፍላቸው ሥር ናት። ሁለት ማሽን፣ አንድ ረጅም መስታወትና ደንበኞች ልብስ የሚቀይሩበት መጋረጃ አላት። በትምህርት ቤቱ ትርኢት ሰሞን መቆሚያ ይጠፋባት ነበር። አሁን ግን አስተማሪው ሚጣን ከጠየቃት በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ያዘዙትን ሰረዙ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ ቀሚሷን ልትወስድ መጣችና በር ላይ ቆመች።

«ኮሌታው እኮ ገና አልተሰፋም» አለች እናቷ፣ እንደ ልማዷ ስፒሎቹን ከከንፈሯ እያወጣች።

«ግድ የለም፣ እንዳለ ስጪኝ። በላስቲክ አድርጊልኝ ብቻ።»

ሴትዮዋ ላስቲኩን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ ሄደች። እናቷ መስታወቱ ፊት ቆማ ራሷን ለረጅም ጊዜ አየች።

«ፊቴ ነው የሚያባርራቸው» አለች። «እኔስ ብሆን እንዲህ ዓይነት ዓይን ፊት ቆሜ እለካለሁ?»

«እንደሱ አትበይ እማዬ» አለች ሚጣ።

በማግሥቱ ግን ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ሬዲዮ ራሷ መጥታ አረዳቻት። «አክስቴ ቀሚሷን ስለወሰደች አትቀየሚን እሺ? እንዳይጋባብን ብለን ነው። ሰው እንዲጠነቀቅ ደግሞ ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ሚጣ ክንዷን ያዘቻት። «ለሁሉም ማለት?»

ሬዲዮ መቁጠር ጀመረች፤ ክፍሉን፣ የክፍሉን ወላጆች፣ ፀጉር ቤቱን፣ ፋርማሲውን። የአንድ እጇ ጣቶች አልቀውባት ወደ ሌላው ተሻገረች።

«ስሚ፣ አይተላለፍም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«ውይ ሚጣዬ» አለች ሬዲዮ፣ ከልቧ አዝና። «እናትሽ ስለሆነች እኮ ነው እንዲህ የምትይው። እኔም ብሆን እሸፍንላት ነበር።»

የቀትር ደወል ተደወለ። ሚጣ ለማን ሄዳ እንደምትናገር፣ ብትናገርስ ማን እንደሚያምናት ግራ ገብቷት ደረጃው ላይ ቀረች። ወሬው ሲወጣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈጀው፤ መመለሻው ግን አልታይ አላት።

ዓርብ ዕለት እናትና ልጅ ሌላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ የእናቷን የዓይን ቆብ በጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ገፋችና ለቀቀችው። ተመልሶ ተገለበጠ።

«ቆዳው አጥሯል። ትንሽ ቆዳ ከሌላ ቦታ ወስደን እንጨምርበታለን፣ የዓይኑንም ጥግ ጠበቅ እናደርገዋለን።»

«መጣፍ ነዋ» አለች እናቷ።

«በእርስዎ ቋንቋ፣ አዎ።»

«ከየት ነው የሚወሰደው? ቀለሙ ይገጥማል?»

«ከጆሮዎ ጀርባ። ብዙም አይለይም።»

እናቷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ እሷም ብትሆን ጨርቁን ከማይታይ ቦታ ነበር የምትቆርጠው። ሐኪሟ ግን ጠባሳው ገና ስላልለሰለሰ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው አለች። እስከዚያው ጠባሳውን ወደ ላይ ማሸት፣ እንባን ወደ ታች አለመጥረግ፣ ከመተኛት በፊት ቅባት ማድረግና ዓይኑን በፕላስተር መያዝ። «ካልታረመ ብሌኑ እየደረቀ ይቆስላል። ውሎ አድሮ ማየትም ያስቸግርዎታል። ቀጠሮውን አሁን ልያዝልዎት?»

«ይቆየኝ» አለች እናቷ። «አስቤበት እደውላለሁ።»

መንገድ ላይ ሚጣ መታገሥ አቃታት። «ምን ያሳስባል እማዬ? ዓይንሽ እኮ ነው!»

«ሁለተኛ አልቆረጥም። ቢስተካከልስ ለማን ብዬ ነው?» እናቷ እንባዋን ወደ ታች ጠረገች፤ የተነገራትን ረስታዋለች። «ሃያ ዓመት የሰፋሁላቸው ሰዎች አስጠልቻቸው ሸሹኝ። አንዳቸው እንኳ ምን ሆነሽ ነው አላሉኝም።»

ሚጣ የእናቷን እንባ በመሐረቧ ወደ ላይ ጠረገችላት።

በማግሥቱ እናቷ ሱቁን የዘጋችው ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ነው። ሥራ አልነበረም። ማሽኖቹን ሸፈነች፣ ወደ ላይ ወጣችና አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። «ቅባቱን አድርጊልኝና ልተኛ።»

ሚጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቅባቱ ዓይን ውስጥ ሲገባ እናቷ ሰውን እንደ ጥላ ብቻ ነው የምታየው፤ ፕላስተሩ ሲለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አታይም። ያኔ ብትነግራት ይቀላታል። እናቷ ድምፅዋን ትሰማለች እንጂ ፊቷን አታየውም።

የቅባቱን ክዳን ከፈተች። እናቷ ቀና ብላ እየተመለከተቻት ነበር፣ ከሁለቱም ዓይኖቿ እንባ ይወርዳል። እያለቀሰች ይሁን አይሁን ሚጣ መለየት አቃታት፤ ልጇ ሆና እንኳ መለየት አለመቻሏ አንጀቷን በላው።

ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«ምነው፣ አለቀ እንዴ?»

«አላለቀም።» ሚጣ እናቷ ፊቷን በደንብ እንድታየው ወንበሯን አስጠጋች። «እማዬ፣ ሰዎቹ የሸሹሽ ዓይንሽ አስጠልቷቸው አይደለም። እኔ ያወራሁትን ሰምተው ነው።»