የእናቷ ወገን ደም

«ልጁን አምጪው እንጂ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ» አለ አባቷ ታፈረ፣ ከደጅ ሆኖ።

ይታይሽ የአራስ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከተወለደ ስምንተኛ ቀኑን የያዘው ወንድሟ በነጠላ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። ግቢው መሀል እንየው የተባለው ገራዥ አጎንብሶ ምላጩን ቆዳ ላይ ይስላል። ታፈረ ከአርብ ገበያ ከተማ ድረስ ያስመጣው እጁ መልካም ነው ሲባል ሰምቶ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ትንሹን ወንድሟን አለበልን የገረዘው የመንደራቸው ሰው ነበር። አለበል ሲደማ ውሎ ሲደማ አደረና ሞተ። ከዚያ ወዲህ ታፈረ «እጁ ክፉ ነው» እያለ ያን ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ሲያገኘው ሰላም አይለውም።

ይታይሽም እስካለፈው ሳምንት ድረስ እንደ አባቷ ታምን ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ አዳነ ስለ ደም አስተማረ። ጋሼ አዳነ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት የተመደበ የሳይንስ አስተማሪ ነው። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የጠመኔው ብናኝ እስከ ጆሮው ስለሚደርስ ተማሪው በሹክሹክታ «ዱቄቱ» ይለዋል። ቁስል ላይ ደም እንዴት እንደሚረጋ ካስረዳ በኋላ፣ ደም የሚያረጋው ነገር ጎድሎባቸው የሚወለዱ ልጆች እንዳሉ ነገራቸው። የሚታመሙት ባብዛኛው ወንዶች ናቸው። የሚያስተላልፉት ግን ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ እናቶች ናቸው።

«መድኃኒት የለውም ጋሼ?» አለች ይታይሽ።

«ተስፋ አለው። ሰሞኑን እንዳነበብኩት፣ በውጭ አገር ያንን የጎደለውን ነገር ከጤነኛ ሰው ደም ለይተው ማውጣት ጀምረዋል። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ልጁን ከስለት መጠበቅ ነው።»

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች እናቷን ላቀችን ጠየቀቻት። ላቀች መጀመሪያ ልጁን ወደ ጡቷ አስጠጋች። በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት።

«ወንድሜም እንዲያው ነው የሞተ። እንጥሉን ቢያስቆርጡት ደሙ እምቢ አለ። የእህቴ የጽጌ ልጅም ሲማዳ ላይ በግርዛቱ ነው የቀረ።»

«ሁሉንም የቆረጣቸው አንድ ሰው ነው?»

«የት አባቱ አንድ ይሆናል? አገሩም ሌላ፣ ሰውም ሌላ።» ላቀች እጇን ያዘቻት። «ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ልጆቼን የፈጀች እሷ ናት ብሎ ይፈታኛል። ዘመዶቹም ደመ መራራ ናት ይሉኛል። እንየው እጁ መልካም ነው አሉ፤ ማርያም ታውጣልኝ።»

ይታይሽ ቃል ገባች። በማግስቱ ግን ጋሼ አዳነን ለብቻው ጠየቀችው። ልጁ በሽታው ሊኖርበትም ላይኖርበትም እኩል ዕድል እንዳለው፣ ሳይመረመር ማወቅ እንደማይቻል ነገራት። ይሄ ደግሞ ባሰባት። ልጁ ጤነኛ ከሆነ የእናቷን ትዳር በከንቱ ልታፈርስ ነው። ዝም ብላ ልጁ ቢሞትስ?

አሁን አባቷ እጁን ዘርግቶ ወደ በሩ መጣ። ይታይሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አልሰጥም።»

«ምን አልሽ?»

«አይገረዝ አባዬ።»

ታፈረ ፊቱ ጠቆረ። «ፊደል ቁጠሪ ብዬ ብልክሽ እምቢታ ተምረሽ መጣሽ?»

የነፍስ አባታቸው መምሬ ገብረ ኢየሱስ አራስ ቤት ስለማይገቡ አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። «ቆይ እስቲ ታፈረ፤ ምክንያቷን ትናገር» አሉ።

ይታይሽ ዞር ብላ ወደ ውስጥ አየች። እናቷ ከመደቡ ላይ በዓይኗ ትለምናታለች። ይታይሽ ፈራች። ልጁ በእንቅልፍ ልቡ ጣቷን ጭብጥ አድርጎ ያዛት።

«ደሙ የማይረጋ ሊሆን ይችላል። አለበልን የገደለው የገራዡ እጅ አይደለም። በእማዬ ወገን የመጣ በሽታ ነው፤ እሷ ግን አልፈለገችውም፣ ጥፋትም የለባትም። ያው ደም እኔም ላይ ይኖር ይሆናል። በእሷ የምትፈርድ ከሆነ በእኔም ፍረድ።»

ላቀች ግድግዳውን ተደግፋ መጣችና ከልጇ ጎን ቆመች።

«እውነቷን ነው። ወንድሜም፣ የጽጌም ልጅ እንዲያው ነው የሞቱ። ፈርቼ ነው ያልነገርሁህ።»

ታፈረ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። መምሬን ቀና ብሎ አያቸው።

«ሳይገረዝ ክርስትና ይነሳል?»

«ክርስቲያን የሚያደርገው ጥምቀት ነው። ግርዛቱ የአባቶቻችን ልማድ ነው። በአርባ ቀኑ አምጣልኝ፤ ጠበል ሰው አያደማም።»

እንየው ምላጩን በጨርቅ ጠቀለለ። «እኔም የሰው ልጅ ገድዬ ቤቴ አልገባም» አለ።

«ያንን የመንደራችንን ገራዥ በከንቱ አስቀየምሁት» አለ ታፈረ ለራሱ። ቀጥሎ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይህን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ? በይ ግቢ፣ ብርድ እንዳይመታሽ። ከአራስ ቤት ስትወጪ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እንወስደዋለን።»

ላቀች ግን አልገባችም። «የጽጌ ሴት ልጅ አበራሽ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል» አለች። «ወንድ ከሆነስ?»

«መልእክት እንሰዳለን» አለ ታፈረ።

«ይሄ በሰው አፍ የሚላክ ነገር ነው? ባሏ ቢሰማስ?»

ይታይሽ ልጁን ለእናቷ አሳቀፈቻት። የአክስቷ ልጅ ቤት በር ሊዘጋባት እንደሚችል ታውቃለች። አበራሽም እንደ እናቷ ልትለምናት፣ ልትረግማትም ትችላለች።

«አባዬ፣ በቅሎዋን ጫንልኝ» አለች። «እኔ እነግራታለሁ።»

ታፈረ አንዴ አያትና ተነሣ። «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ ኮርቻውን ሊያወጣ ገባ።

ይታይሽ ነጠላዋን እያጣፋች አበራሽን ምን ብላ እንደምትጀምርላት አሰበች። ስለ ደሙ፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ የምትነግራት ብዙ ነገር አለ። መጀመሪያ ግን፣ ገና ከበቅሎ እንደወረደች፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ልትላት ወሰነች።