ካርታው ላይ የሌለው ሽማግሌ

የመጨረሻው ወረቀት ከማተሚያው ወጥቶ ሳይቀዘቅዝ ሃራን ስህተቱን አየችው። በካርታው ደቡባዊ ጠርዝ ላይ «ሽማግሌው» የሚባለው ኮከብ የለም።

«ዱሆ፣ ይሄ ካርታ ለሴኡል የተሠራ ነው» አለችው የትምህርት ቤቱ የኮከብ ክበብ ጓደኛዋን። «ከሴኡል ደግሞ ሽማግሌው አይታይም።»

«ሙያ በልብ ነው ስልሽ አልሰማሽም።»

እውነቱን ነው። በነፃ የሚታተም የኮከብ ካርታ ከኢንተርኔት ፈልጋ ያገኘችው እሷ፤ «እንደኔ የሚያገኝ ካለ ይምጣ» ብላ ጉራዋን የነዛችውም እሷው። ዛሬ ማታ ከሴኡል ርቃ በደቡብ ባሕር ዳር ያለችው የከተማቸው የሶግዊፖ አዛውንት ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ የሚመጡት ለዚያ ኮከብ ሲሉ ነው። ያየው ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ታዲያ ኮከቡ ከባሕሩ በላይ ትንሽ ብቅ ይልና ቶሎ ይጠልቃል።

«ችግር የለም» አለ ዱሆ፣ ካርታው ላይ ሲሪየስ የተባለውን ኮከብ በጣቱ እየነካ። «ሽማግሌው ይሄ ነው እንበላቸው። ከሁሉም የሚደምቀው እሱ ነው፤ ማን ያውቅብናል?»

«አያቴስ?»

«እሳቸው በዓይናቸው ሞራ ምክንያት ስንት ዓመት ኮከብ አላዩም። አንቺ ያልሽውን ነው የሚያምኑት።»

ሃራንን የከነከናትም ይኸው ነበር። የአያቷ ዓይን ፋሻ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተፈታው በዚህ ሳምንት ነው። «መጀመሪያ ሽማግሌውን አሳዪኝ» ብለዋታል። ሲሪየስን አይተው ደስ ብሏቸው ቢገቡ ምን ይጎዳል? እውነተኛው ዛሬ ሳይታይ ቢቀርስ?

ቀይ እስክሪብቶ አነሳች። በየወረቀቱ ላይ፣ በደቡብ በኩል ከካርታው ክብ ውጭ ባለው ነጭ ቦታ፣ አንድ አንድ ነጥብ አስቀመጠች።

ሲመሽ ሜዳው ላይ ብርድ ነበር፤ በባሕሩ ዳር ደመና ተጋድሟል። አያቷ ቀና ብለው ሲሪየስን አገኙ።

«ሃራን፣ ያ ነው አይደል?» አሉ በጣታቸው እየጠቆሙ።

ዱሆ በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«አይደለም፣ አባባ። ያ ሲሪየስ ነው።» በእጅ ባትሪዋ ወረቀቱን አበራችላቸው። «ካርታው የሴኡል ነው፤ በደንብ ሳላየው አተምኩት። የኛ ሽማግሌ እዚህ ቀዩ ነጥብ ጋ ነው። አሁን ደመና ይዞታል።»

«ይወጣል?»

«እንጃ አባባ። እኔ ግን እጠብቀዋለሁ።»

አያቷ ቀዩን ነጥብ ትክ ብለው አዩት።

«ሴኡል ይሄ የለውም በይኛ» አሉና ሳቅ አሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከጎኗ ተቀመጡ። ዱሆም ጥቂት ቆይቶ ወንበር ይዞ መጣ።