ያልተደገመው ትዕዛዝ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና ሲጠግግ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ሃያ ተማሪዎች ነበሩ፤ ግቢው አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ አንድ ረጅም የመማሪያ ክፍል፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ የጠጠር ማኮብኮቢያና ከእንጨት የቆመ የመቆጣጠሪያ ማማ ነበረው። በዚያ ዘመን እዚህ ግቢ መግባት ትልቅ ማዕረግ ነበርና፣ አንድ ልጅ የተመረጠ እንደሆነ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ መሄድ ይጀምር ነበር።

ከተመረጡት አንዱ የአንድ ትልቅ ሹም የበር ዘበኛ ልጅ ነበረ። አባቱ ዕድሜውን በሙሉ «አቤት» እና «እሺ ጌታዬ» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ልጁም ከእነዚህ ቃላት ለማምለጥ ሰማይ ድረስም ቢሆን መውጣት እንዳለበት ገና በልጅነቱ ቆርጦ ነበር።

የሬዲዮውን ትምህርት የሚሰጠው በጦርነቱ አንድ ጆሮው የደነቆረ የውጭ አገር አብራሪ ነበር፤ ተማሪዎቹን ጀርባ ለጀርባ እያስቀመጠ፣ አንዱን ማማ ሌላውን አውሮፕላን አድርጎ ሲያነጋግር ይውላል። ሕጉ አንድ ነው፤ ከማማው የታዘዝከውን ቃል በቃል መልሰህ ትደግማለህ፤ ማማው «ትክክል» ሲልህ ብቻ ትፈጽማለህ። «አዛዥም ይሳሳታል፤» ይል ነበር፤ «ስህተቱን የሚሰማው ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲመለስለት ነው።» የዘበኛው ልጅ ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ገበታ ላይ «ጨው አቀብለኝ» ሲሉት እንኳ «ጨው ላቀብል» እያለ ስላስቸገረ፣ ባልንጀሮቹ ገደል ማሚቶ ብለው ስም አወጡለት።

የቅርብ ባልንጀራው ሎጋው ይባል ነበር፤ እግሩ ከአውሮፕላኑ ወንበር ጋር የማይስማማ፣ ሳቂታ፣ ከዚያም በላይ የገደል ማሚቶን ታናሽ እህት ያጨ ልጅ ነው፤ ሠርጉ የአብራሪነት ክንፋቸውን ደረታቸው ላይ በሚያጠልቁበት ወር እንዲሆን ተቆርጦ ነበር።

የትምህርት ቤቱ አዛዥ ኮሎኔል ግን የሌላ ዘመን ሰው ነበሩ፤ በፈረስ ተዋግተው በፈረስ የተሾሙ፣ አውሮፕላንንም ለየት ያለ ፈረስ አድርገው የተረከቡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ማማው ላይ ወጥተው ማይክሮፎኑን ያዙና ገደል ማሚቶን ከሰማይ «ውረድ» አሉት፤ እሱም እንደተማረው «ልውረድ፤ ትክክል ነው?» ሲል መለሰ። መሬት እንደነካ አስጠሩት።

«አንተ! እኔ ስናገር ትክክል ነው ወይ ብለህ ትጠይቀኛለህ?»

«ጌታዬ፣ ደንቡ ነው እኮ...»

«የማን ደንብ? ትዕዛዝ ስትሰማ እሺ ጌታዬ ትላለህ! ከዚያ ያለፈው ሙግት ነው።»

በሰልፍ ፊት አዋረዱት፤ ሦስት ሳምንትም ከበረራ ታገደ። በማግሥቱ ከቧንቧው አጠገብ ሸሚዝ ሲያጥቡ ሎጋው ጠየቀው።

«እኔስ እሳቸው ቢገጥሙኝ ምን ልበል?»

«እሺ ጌታዬ በል፤ አለቀ። ሠርግ ያለብህ ሰው ነህ፤ በአፍህ ምክንያት ክንፍህን እንዳታጣ።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ሎጋው ሳቀበት፤ ምክሩን ግን ያዘ።

ከአሥር ቀን በኋላ ትልልቅ ሹማምንት ለጉብኝት መጡ። ገደል ማሚቶ እገዳው ስላላለቀለት፣ በማማውና በአውሮፕላኖቹ መካከል የሚነገረውን ሁሉ በመዝገብ እንዲጽፍ ማማው ላይ ተመድቦ ነበር። የማኮብኮቢያው ምዕራብ ጫፍ እየተጠገነ ስለነበር ጠጠሩን የሚደፈጥጠው ከባድ መኪና፣ ዳምጠው፣ እዚያው ቆሟል፤ አውሮፕላኖችም ሁሉ ከምሥራቅ በኩል እንዲገቡ ጠዋት ተነግሯል። ረፋዱ ላይ ኮሎኔሉ እንግዶቻቸውን ድንኳን አስቀምጠው ወደ ማማው ወጡ፤ የማማው ተቆጣጣሪ ወንበሩን ለቀቀላቸው። የእንግዶቹ ድንኳን ወደ ምዕራብ ነበርና፣ ለማረፍ የቀረበውን ሎጋውን በፊታቸው ሊያሳልፉት ወደዱ።

«ከምዕራብ በኩል ግባ!»

ገደል ማሚቶ «ከምዕራብ» ብሎ ጻፈና ብዕሩ ቆመ። ሎጋው ቃሉን ቢደግመው በድምፅ ማጉያው ይሰማል፤ ኮሎኔሉም ስህተታቸውን ከሰው አፍ ይሰሙታል። በድምፅ ማጉያው የመጣው ግን «እሺ ጌታዬ» የሚል ነበር። ኮሎኔሉ ራሳቸው ካዘዙ ዳምጠው ተነሥቷል ማለት ነው ብሎ ሎጋው ሳይገምት አልቀረም።

አንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበር። ተቆጣጣሪው ገደል ማሚቶን አየ፤ ገደል ማሚቶም ተቆጣጣሪውን አየ፤ ሁለቱም የኮሎኔሉን ጀርባ አዩ። ገደል ማሚቶ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጊዜ ያ ሰልፍ ትዝ አለውና ዘጋው። የረፋድ ፀሐይ ከምሥራቅ ፊት ለፊት ትወጋ ስለነበር ሎጋው ዳምጠውን ያየው ላዩ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ለእናቱ ሬሳውን ሳያሳዩ ቀበሩት።

መርማሪዎች ሊመጡ ሲሉ ተቆጣጣሪው ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛወረ፤ ገደል ማሚቶን ኮሎኔሉ ቢሯቸው አስጠሩት። ከዚያ በፊት አድርገውት የማያውቁትን፣ ወንበር ሰጡት።

«ልጄ፤ እኔ ያዘዝኩት ከምሥራቅ ግባ ብዬ ነው። ምን ብዬ ነው ያዘዝኩት?»

ጠረጴዛው ላይ መዝገቡና አዲስ ብዕር ነበር።

«ከምሥራቅ ግባ ብለው ነው፣ ጌታዬ።»

«ትክክል።»

ገጹ ተቀደደ፤ አዲሱ ገጽም በዚያው በራሱ የእጅ ጽሕፈት ተጻፈ። በሳምንቱ እገዳው ተነሣለት።

እህቱ ጥቁር ለብሳ ደጃፍ ላይ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ምን ተብሎ ነው የታዘዘው?»

«ከምሥራቅ ግባ ተብሎ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሺ ጌታዬ አለ።»



«እሱ ለማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር፤ እኔ እንኳ የነገርኩትን እየደገመ ነበር የሚቀልድብኝ፤ ከአንተ የለመደው ነው። እሺ ጌታዬን ማን አስተማረው?»

በአጠገቧ አልፎ ወደ ቤት ገባ፤ እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም።

መርማሪዎቹ ሎጋው ትዕዛዙን ሳይደግም፣ በስህተት ከምዕራብ ገብቶ መሞቱን አረጋገጡ፤ ስለዚህም ማንም አብራሪ የታዘዘውን ቃል በቃል ሳይደግም እንዳይንቀሳቀስ የሚያዝዝ ደንብ በኮሎኔሉ ፊርማ ወጣ። ጆሮው የደነቆረው መምህር ደንቡን አንብቦ ሲጨርስ ሻንጣውን አሰረና ሄደ። በእሱ ቦታ የተተካው ገደል ማሚቶ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን ጀርባ ለጀርባ እያስቀመጠ «የኮሎኔሉን ደንብ» አስተማረ፤ በዚያ ደንብ ከሞት የተረፉትም ብዙ ናቸው። የትምህርት ቤቱ የታሪክ መጽሐፍ ኮሎኔሉን «አርቆ አሳቢ» ይላቸዋል፤ ሎጋውን ስሙን ሳይጠራ «አንድ ቸልተኛ ተማሪ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ በግርጌው የተጠቀሰውም ማስረጃ ያው መዝገብ ነው። የዘበኛው ልጅ እህት ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሟን ጋሼ ብላ አለመጥራቷን ግን የጻፈው የለም።