መካኗ ከታቢ

ከጤና ጣቢያው ጀርባ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ዳር፣ ግድግዳዋ በእርጥበት የተላጠ አንዲት ክፍል ቤት ነበረች። ውስጧ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህንና አንድ ኩባያ አለ። እንግዳ የሚደርስባት ቤት ብትሆን ኖሮ ሁለተኛ ኩባያ ባልጠፋ ነበር። የቤቲቱ ባለቤት ነርስ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። ጠዋት ስትወጣ «ደህና ዋይ» የሚላት፣ ስትገባ «ምነው ቆየሽ?» ብሎ የሚቆጣት የለም። ሾፌር ባል ነበራት፤ «ልጅ የሌለበት ቤት የሆቴል ክፍል ማለት ነው» ብሏት ከሄደ ብዙ ዓመት ሆነው። አቤት ብቸኝነት! ሰው በረሃብ ብቻ የሚከሳ ይመስለናል፤ የሚያናግረው ያጣ ሰውም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይከሳል...

የቀረቻት ዘመድ ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን በስፌት መኪናዋ ታሳድጋለች። ልጅቷን ሁሉም ሚጣ ይሏታል። ሲስተር ለሚጣ የምትገዛው ጫማ ሁልጊዜ ከእግሯ ይበልጣል። «ታድግበታለች» ትላለች። «እሷ እስክታድግማ ጫማው ያረጃል፣ እትዬ!» እያለች ልብስ ሰፊዋ ትስቃለች። ሲስተርም አብራ ትስቃለች። ሚጣ አጠገቧ ስትቀመጥ ብቻ ያ የደከመው ፊቷ ይፈታ ነበር።

በዚያ ዓመት የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች መጣ። ክትባቱ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው፤ ዘንድሮ ያመለጣት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፍና ተራዋም አብሮ ያልፋል። ሚጣም አሥራ አራት ሞልቷታል። ሲስተር በየበሩ እየቆመች እናቶችን አስረዳች። «በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሳይገባ በሩን እንዝጋበት ነው የምላችሁ። ከገባ በኋላማ ስንቷን እናት አልጋ ላይ አየሁ!» እናቶቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ነገሩን ያበላሸችው ባለ ሱቋ ናት፤ ወሬ ስለማታሳድር ሰፈሩ «ሬዲዮ» ብሎ ሰይሟታል።

«እኔ የምለው፣» አለች ሬዲዮ ስኳር የምትመዝን ይመስል ቃሏን እያንጠለጠለች፣ «ለምን ለሴቶቹ ብቻ? ለምንስ ሳይወልዱ? ደግሞ የሚወጋቸው ማን እንደሆነ አያችሁ? ራሷ ያልወለደች!»

ሴቶቹ ሳቁ። ቀልድ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ግን ቀልድነቱ ቀርቶ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ክትባቱ በተጀመረ ዕለት ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ለቀቀላት። ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ ልጃገረዶቹ የግራ እጅጌያቸውን ሰብስበው እየተጓተቱና እየተሳሳቁ ተሰልፈዋል።

«ሲስተር፣ መርፌው አጥንት ይነካል?»

«አንቺ እንኳ አጥንት ብቻ ስለሆንሽ እንጃልሽ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ አንዲት ቁርስ ያልቀመሰች ቀጫጫ ልጅ መርፌውን ስታይ ዓይኗ ዞረና ወደቀች። ሲስተር አጋደመቻት፣ እግሯን ከፍ አደረገች፣ ስትነቃም ስኳር የገባበት ውኃ አጠጣቻት። ልጅቷ አፍራ ፈገግ እያለች ነበር። ወሬው ግን ከአጥሩ ወጥቶ ነበርና ውኃው ከኩባያው ሳያልቅ መንገድ ላይ «ሞተች!» ተባለ። እናቶች በሩን ጥሰው ገቡ። ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው ሜትር አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች የሮጠችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሚጣ ተራዋ ደርሶ ክንዷን ዘርግታ ቆማለች። እናቷ ጎትታ ከሰልፉ አወጣቻት።

«ቆይ፣ ስሚኝማ እህቴ...»

«አልሰማም! መካንነትሽን ለልጄ ልታወርሻት ነው?»

 ከእናቶቹ ጋር የገባችው ሬዲዮ እንኳ አፏን በእጇ ያዘች። ሲስተር አልኮል የነካ ጥጥ በጣቷ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መልስ አጥታ ነው? አልነበረም! መልሱ ምላሷ ሥር ነበር። ለዓመታት ሲዋጥ የኖረ ቃል ግን በጠሩት ጊዜ አይወጣም። እናቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ ሲስተርና ባዶዎቹ ዴስኮች ብቻቸውን ቀሩ።

በማግስቱ ሲስተር ሥራ አልገባችም። ወገቧ ሲያማት፣ ደም ሲፈሳት ሰንብቶ ነበርና ለምርመራዋ ውጤት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። ለበሽተኞቿ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለት የማይሰለቻት ሴት፣ የራሷን ሕመም ለማንም አልተናገረችም።

«አስታማሚ አለሽ? አብሮሽ ሰው ቢገባ ይሻላል» አላት ሐኪሙ።

«አለ፤ ውጭ ቆሟል» ብላ ዋሸች።

ውጭ ማንም አልነበረም። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ድሮ የታከመችው ካንሰር ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሶ መሰራጨቱን ነገራት። ሕክምና የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሲሰማ ተስፋ ያደርጋል፤ እሷ ግን ነርስ ናት፤ ተስፋ የምታደርግበት ቀዳዳ አጣች። አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ግን ያስለቀሳት ሞቱ ብቻ ነበር? ያ ተዘርግቶ የተመለሰው የሚጣ ክንድ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ነገ ክትባቱ ያልቃል!

ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አላየቻትም፤ ፔዳሉን ብቻ ረገጠች።

«ሚጣን እርጉዝ ሳለሽ ለኮርስ ሄድኩ ያልኩሽ ትዝ ይልሻል?» አለች ሲስተር ከበሩ ሳታልፍ።

«እንዴት ይዘነጋኛል! ስወልድ እንኳ አልመጣሽም።»

«ኮርስ አልነበረም። የማህፀን በር ካንሰር ነው ተብዬ ማህፀኔን አውጥተውት ነው።»

መኪናው ቆመ።

«አንቺ መውለጃሽ ደርሶ ነበር። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው... ከወለድሽ በኋላ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ልጅሽን ታቅፈሽ ስትስቂ ሳይሽ፣ ያን ሳቅ እንዴት ልንጠቅሽ? ባሌ ያውቅ ነበር። ለማንም እንዳትነግር ብዬ ለመንኩት። አልነገረም፤ ሄደ። አሁንም ተመልሶብኛል እህቴ። እኔስ አለቀልኝ። ሚጣን ግን አደራሽን፣ ይሄ ነገር አይድረስባት!»

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናው ተነሳች። ብዙ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያኔ... ማን አስታመመሽ?»

«ማንም።»

እህቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እግሯን ይዛ እንደ ሕፃን ጮኸች። «ወይኔ እትዬ! እኔ ክፉ! እኔ ምላሴ ይቆረጥ!» ሲስተር ፀጉሯን ዳበሰችላት። «ተይ እንጂ፤ ምላስሽ ከተቆረጠ ሬዲዮን ማን ይመልስልኛል?» አለች፤ በእንባቸው መሃል ሁለቱም ሳቁ።

በመጨረሻው ቀን ልብስ ሰፊዋ የሚጣን እጅ ይዛ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። «እህቴ መካን አይደለችም!» አለች ለተሰበሰቡት እናቶች። «ማህፀኗን የነጠቃት፣ ልጆቻችሁን እንዳይዝ የለፋችበት ይሄው በሽታ ነው። እኔ ሳላውቅ ሰደብኳት፤ እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል።» ሲስተር ወንበር ላይ ተደግፋ ሚጣን ወጋቻት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና «አክስቴ፣ አለቀ?» አለች። «አለቀ የኔ እናት።» እናቶቹ አንገታቸውን እንደ ደፉ ልጆቻቸውን ወደ ሰልፉ መለሱ። ሬዲዮም መጣች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳትተነፍስ የልጇን እጅጌ በገዛ እጇ ሰበሰበች።

ሲስተር ክረምቱን በእህቷ ቤት ተኛች። ሕመሙ ሲጠናባት ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን ልታቆም ትነሳለች። «ስፊ፣ አታቁሚ፤» ትላት ነበር በደከመ ድምፅ፣ «የመኪናው ድምፅ ሰው እንዳለ ይነግረኛል።» እናም እህቷ ሰፋች። አንድ ዝናባማ ከሰዓት የሚጣን የትምህርት ቤት ቀሚስ እየሰፋች፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ፣ ስለ ልጅነታቸው እያወራች፣ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨረሰች። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ዞር ስትል የሚሰማት አልነበረም... የቱ ጋ እንደተለየቻት፣ የትኛውን ወሬ ሰምታ የትኛውን እንዳልሰማች እስከ ዛሬ አታውቅም።

ዕጣ ነው እንላለን። ሞትንስ ዕጣ እንበለው። ነገር ግን በአንድ ሰፈር፣ የአንድ እናት ልጆች፣ አንዷ ለሌላዋ እያዘነች ብቻዋን ስታለቅስ የኖረችበትን ያን ሁሉ ዘመን ማን ፈረደባቸው? ይህንንም ዕጣ እንበለው?