የቀትር ስልክ

ካዲዝን ባሕሩ ዙሪያዋን ከብቦ በአንዲት ቀጭን መሬት ብቻ ከቀረው ስፔን ጋር አያይዞ ትቷታል። ማንጠግቦሽ በዚያች ከተማ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳለፈችው የሌላ ሰው ዕድሜ ተውሳ የምትኖር ይመስል እየተሳቀቀች ነበር። ጠዋት ቋንቋ ትማራለች፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በአሸዋው ዳር ትሄዳለች፤ ፀሐይዋ ስትከር ወደ ማረፊያዋ ተመልሳ ምሳ ትበላለች፤ ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ ሲተኛ እሷም ትተኛለች። ጎንደር ውስጥ ስንት ዓመት አስጎብኚ ሆና ስትሠራ ሌላው ስለ ባሕር ሲያወራ ሰምታ እንጂ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም ነበር። የስፔን ጎብኚዎች እየበዙ ስለሆነ ቋንቋቸውን ማወቅ ለሥራዬ ይጠቅመኛል፤ በዚያውም ትንሽ አርፋለሁ። ለሰው የነገረችው ይህን ነው። የሸሸችው ግን የእናቷን ድምፅ ነበር።

የእናቷ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። የበኩር ልጅ በመሆኗ ማጠቡም፣ ማጉረሱም፣ ደግፎ ደጅ ማውጣቱም በማንጠግቦሽ ላይ ወደቀ። አንድ ጊዜ የሚያገባት ሰው መጥቶ ነበር፤ ደህና ሰው፣ ረጋ ያለ የባንክ ሠራተኛ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንቢ አላሉም። «እኔን ለማን ትተሽኝ?» ብቻ ብለው፣ እህል አልቀምስም ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ሰውየውም ጠብቆ ጠብቆ ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ የማንጠግቦሽ እጅ ሳይሰንፍ አፏ መረረ። ታጎርሳቸዋለች፣ «ዋጪ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለች። ታጥባቸዋለች፣ በላያቸው ላይ ያለቀ ዕድሜዋን እየቆጠረችባቸው። አሁን ታናሽ እህቷ ፈንታዬ ከባሕር ዳር መጥታ ታስታምማቸዋለች፤ ከሰዓት ላይ ትደውልና ስልኩን ለእናቷ ታቀብላለች።

ማረፊያዋን የፈለገላት ትምህርት ቤቱ ነው። በጠባብ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ሕንፃ፣ ደረጃው የረጠበ ኖራና የተጠበሰ ዓሣ የሚሸት፤ የላይኛው ፎቅ ላይ ዶኛ ኤንካርና፣ ማለትም ወይዘሮ ኤንካርና፣ የሚባሉ ባልም ልጅም የሌላቸው አሮጊት ይኖሩበታል። ዶኛ ኤንካርና ቀጭን ነበሩ፤ እጃቸው የደረቀ፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው ሳይሆን ከልብሳቸው እጥፋት የሚወጣ የሚመስል። ሳሎኑ ጥግ ላይ የተቀመጠው የቤት ስልክ ጮኾ አያውቅም። «ለእኔ የሚደውልልኝ የለም» አሏት በመጀመሪያው ቀን፣ ስለ ነፋሱ እንደሚያወሩ ሁሉ ያለ ቅሬታ። የማንጠግቦሽ መኝታ ቤት ሶኬቱ ስለማይሠራ ሞባይሏን ሳሎን ሰክታ ትተኛ ጀመር።

የቤቱ ደንብ በስፓኒሽ ብቻ መነጋገር ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ምሳ ላይ አሮጊቷ የጨው ዕቃውን ብድግ አድርገው፣ «በእናንተ ምን ይባላል?» አሏት።

«ጨው።»

«ቸው።»

ማንጠግቦሽ ሳቀች። ጨን ፈረንጅ አይችላትም፤ ስንቱን ጎብኚ ስታስተምር ያየችው ነው። ዶኛ ኤንካርና ግን አልሳቁም። ከንፈሯን ትኩር ብለው እያዩ የራሳቸውን ከንፈር ያለ ድምፅ ያንቀሳቅሱ ነበር።

ከምሳ በኋላ የእንጨት መዝጊያዎቹ ሲወርዱ ቤቱ ውስጥ ያለው ጨለማ የቀን ጨለማ አይመስልም። ውጭ ፀሐይዋ ድንጋዩን ስታቃጥል ይሰማል፤ ውስጥ ግን አልጋው፣ ልብሱ፣ አየሩ ሁሉ ቀዝቅዞና ረጥቦ የቆየ ሳሙና ይሸታል። ማንጠግቦሽ እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል ከስሱ ግድግዳ ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማች፤ መጀመሪያ ጥርስ የሌለው ሰው የሚያኝክ መሰላት። ቸው። ቸው። ቸው። ሳያቋርጥ፣ ሳይፈጥን፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዝም አለ። ከዚያ፣ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ላይ የተቀመጠች ሴት እንደምትለው አድርጎ፣ ጥርት ብሎ «ጨው» አለ።

በማግስቱ ከባሕሩ ግንብ ላይ ተቀምጣ ወደ ቤት ደወለች።

«ምግቡስ ተስማማሽ?» አሏት እናቷ።

«ደህና ነው። ትንሽ… ትንሽ ይበዛበታል።»

«ምኑ?»

ቃሉ አልመጣም። ምላሷ ጫፍ ላይ እንኳ አልነበረም፤ እንደ ወለቀ ጥርስ ቦታው ባዶ ነበር። «ያ ነጩ… ወጥ ውስጥ የሚገባው» አለች በመጨረሻ፣ ላቧ እየመጣ። ፈንታዬ ከጎን ሆና ስትስቅ ተሰማት። «በቃ ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ!» ማንጠግቦሽም ደክሞኝ ነው ብላ አለፈችው።

ከዚያ በኋላ በየምሳው አሮጊቷ አንድ ነገር ያነሣሉ፤ ውሃውን፣ ቢላዋውን፣ ወንበሩን። መልስ ካላገኙ አይቆጡም። ማንኪያቸውን አየር ላይ እንደያዙ፣ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ፣ እሷ እስክትናገር ድረስ ይጠብቃሉ። ከሰዓት ላይ ግድግዳው ያኝካል። በማግስቱ ከማንጠግቦሽ አንድ ቃል ይጎድላል።

በትምህርት ቤት ግን ከሁሉም ቀድማ ሄደች። መምህሯ አልቫሮ፣ ጢሙን ያንዠረገገ ሳቂታ ወጣት፣ አንድ ጠዋት ንባቧን አስቁሞ አያት። «ይህን ቃል ማን አስተማረሽ? እንዲህ የምትለው አያቴ ነበረች፤ ዛሬ ማንም አይልም።» ማንጠግቦሽ ቃሉን ማንም አላስተማራትም። ልትጠራው ስትፈልግ አፏ ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው እንጂ። ማረፊያ መቀየር እንደምትፈልግ ስትነግረው አልቫሮ ራሱን አከከ፤ ነሐሴ ነው፣ ከተማው ሞልቷል። «ደግሞ ዶኛ ኤንካርና ዘንድ ያረፈ ሁሉ ጥሩ ተናጋሪ ሆኖ ነው የሚወጣው። ባለፈው ዓመት የመጣችው የኖርዌይ ልጅማ ከተማውን ወዳው እዚሁ ቀረች። ገበያው ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች።»

ከትምህርት እንደወጣች ወደ ገበያው ሄደች። ልጅቷን ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ የሆነች ረጅም ልጅ፣ በበረዶ መካከል ቆማ፣ በደረቀ የአሮጊት ድምፅ ደንበኛ ትጠራለች። ማንጠግቦሽ ጠጋ ብላ አገሯ የት እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች፤ ጉሮሮዋ የሆነ ነገር ሊያወጣ ሲታገል ታየ። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ከዚሁ ነኝ» አለች በስፓኒሽ። «ቆይ፣ ዶኛ ኤንካርና ዘንድ የምትተኚው በውስጠኛው ክፍል ነው?»

ማንጠግቦሽ ጀርባዋን ሰጥታት ሄደች። ሻንጣዋን ልትይዝ በጥድፊያ ወደ ቤት እየሄደች ሳለ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው። ዛሬስ ተይኝ፣ ዛሬስ ማሪኝ ስትል አነሣችው። እሳቸው ግን የፈንታዬ እጅ ሻካራ እንደሆነ፣ ወጡ እንደቀጠነ፣ ጥለሽኝ ሄድሽ እያሉ ጀመሩ። ማንጠግቦሽም መንገድ ላይ ቆማ፣ ባሏት ጥቂት ቃላት፣ በልቧ ያከማቸችውን ሁሉ አወረደችባቸው፤ ዕድሜዬን በላሽው፣ ልጅ አሳጣሽኝ፣ አሁን እንኳ ትንፋሽ አትሰጪኝም አለቻቸው። መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋች።

ቤት ስትገባ ምሳው ቀርቦ ነበር። ሻንጣውን ልታወጣ አስባ ነበር፤ ነገር ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዶኛ ኤንካርና በደረቀው እጃቸው ጀርባዋን አሻሹላት። ከጎንደር ከወጣች ወዲህ የነካት ሰው አልነበረም።

«እናትሽን ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?» አሏት።

«ለምን ፈለጉት?»

«እኔ የምጠራት ኖራኝ አታውቅም።»

መስጠት እንደሌለባት ማንጠግቦሽ አውቃዋለች። ግን ያን ቀን ቃሉ ራሱ ከብዷት ነበር፤ ከጫማ ውስጥ ጠጠር እንደሚያራግፍ ሰው ወርወር አደረገችው።

«እምዬ።»

አሮጊቷ ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ያን ቀን ከሰዓት ግድግዳው ዝም አለ፤ ማኘክ አላስፈለገም ነበር።

በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ደወለች። እናቷ ስልኩን ያነሡት እየሳቁ ነበር። «ገና ትናንት ከሰዓት አውርተን ደግሞ ደወልሽ? ያጫወትሽኝ ሲያስቀኝ ቆየ እኮ!»

«መቼ?» አለች ማንጠግቦሽ። ልትል የቻለችው እሱን ብቻ ነው። ልትጠራቸው ፈለገች፤ የሚጠሩበትን አጣችው። ዝምታው ሲረዝም የእናቷ ሳቅ ቀዘቀዘ። «ምነው ደግሞ ድምፅሽ ሻከረ?» አሉና ስልኩን ለፈንታዬ ሰጡ። ፈንታዬም በደስታ ነገረቻት፦ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ከሰዓት ስደውል እንዲህ ስታጫውቻት እንቅልፏ እንኳ ተስተካከለ። እህልም በላች።»

ከሰዓት ላይ ማንጠግቦሽ አንድም ቀን ስልክ አንሥታ አታውቅም። ተኝታ ነበር።

ያን ቀን አልተኛችም። መዝጊያዎቹ ወረዱ፤ ጨለማው መጣ፤ አልጋው ላይ ዓይኗን ገልጣ ተጋደመች። ሻንጣዋ በሩ ሥር ታስሮ ተቀምጧል፤ ስልኳን አንሥታ ለመውጣት ቤቱ እስኪተኛ ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ልጅ ሳለች እናቷ በቀትር ከቤት እንዳትወጣ ይከለክሏት ነበር፤ ቀትር ላይ የሚዞረውን ስሙን ሳይጠሩ በሩን ይዘጉ ነበር። ከሳሎን ስልኳ ጮኸ። ሁለተኛ ሳይጮህ ተነሣ።

«አቤት እምዬ!» አለ አንድ ድምፅ።

የራሷ ድምፅ ነበር። በባዶ እግሯ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ ወለሉ እንደ ዓሣ ቆዳ ቀዝቅዞ ያሟልጫል። በሩ ገርበብ ብሏል። በመዝጊያው ስንጥቅ የገቡ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ከአሮጊቷ ላይ የሚያሳዩት ጥቂት ነበር፤ ስልኩን የያዘ እጅ፣ የአንገት ልብስ ጫፍ፣ አንድ አፍ። አፉ የአሮጊት አልነበረም። ከንፈሩ የሞላ፣ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ ጠዋት ጠዋት ማንጠግቦሽ መስተዋት ፊት ቀለም የምትቀባው አፍ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቧ እንኳ አንቱ ማለቱን ተወችው።

«በላሽልኝ? ትንሽ ድገሚ እንጂ፣ ልቤ። መድኃኒቱን ቀስ ብለሽ ዋጪው፤ ማን ያስቸኩልሻል?» ይላል አፉ። ማንጠግቦሽ በዕድሜዋ ለእናቷ ብላው የማታውቀውን ሁሉ ይላል፤ በእሷ ድምፅ፣ በጎንደር ለዛ፣ አንዲት ፊደል ሳያዛንፍ። ከስልኩ ውስጥ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳቅ ይሰማል፤ ልጅ ሳለች ሰምታው የተወሰደባት ሳቅ።

ዘላ ገባች። የመጣላትን ሁሉ ጮኸች፤ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም፣ አትስሟት አለች። ከአፏ የወጣው ግን ስፓኒሽ ነበር፣ ደረቅና ቀጭን፣ ከልብስ እጥፋት የሚወጣ የሚመስል። አማርኛውን ትሰማዋለች፣ ይገባታል፤ ልታወጣው ስትል ግን አንዲት ቃል የላትም። በስልኩ ውስጥ ያለው ሳቅ ተቋረጠ።

«ማናት እሷ?» አሉ እናቷ።

«የቤቱ ባለቤት ናት እምዬ» አለች ኤንካርና በእርጋታ። «አሮጊት ናት። የሚደውልላት ሰው የላትም።»

ከዚያም ሳትጣላ፣ ሳትሸሽግ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ስልኩን ወደ ማንጠግቦሽ ዘረጋችላት። ማንጠግቦሽ እጇን ሰደደች። እናቷ ያውቋት ዘንድ አንዲት ቃል፣ ግማሽ ቃል፣ የልቅሶ ድምፅ እንኳ ቢሆን ከውስጧ ፍለጋ ትንፋሽ ስትስብ፣ ከስልኩ ውስጥ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ ፈንታዬ እንዳትሰማ ዝቅ ብሎ መጣ፦ «ልጄ እንዳልሆንሽማ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ፤ ብቻ እባክሽ ስልኩን ለሷ ለልጄ አትስጪያት።»