የስኩተሩ ዋስ

«ደሳለ፣ ስኩተር ልገዛ ነው።»

የትናየት ይህችን ቃል ከኋላ ወንበር ስትወረውራት፣ የደሳለ ባጃጅ ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ያለውን ዳገት አጋምሳ ነበር። ፍሬን በማይያዝበት ቦታ ፍሬን ያዘ። የባጃጇም ሞተር ጠፋ።

«ምነው፣ ደነገጥክ?»

«ኧረ እኔ! ጎማውን ድንጋይ ነክቶት ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጎማውን የነካ ድንጋይ አልነበረም። የትናየት ጥልፍ ሠሪ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ቀሚሶቿን በየሆቴሉ ሱቅ የምታደርሰው በእሱ ባጃጅ ነው። ሌላ ሰው ሲጭን እንደ ጥይት የሚወነጨፈው ደሳለ፣ እሷን ሲጭን ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ነው የሚሄደው። ከቀኑ ሁሉ የእኔ የሚላት ያችን መንገድ ብቻ ናት። ስኩተር ከተገዛ ያችም ቀረች ማለት ነው።

«አንተ ሞተር ታውቃለህ» አለችው፣ በመስተዋቱ ውስጥ እያየችው። «አብረኸኝ ምረጥ።»

እምቢ እንዴት ይባላል? እሺ አለ፤ ግን ምንም ሳይመርጥ ሰነበተ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሲያዩ፣ «መብራት በጠፋ ቁጥር በገመድ ልትጎትቺው ነው?» አላት። ቀዩ ስኩተር ዓይን ይስብ ነበር፤ «ጎማው ትንሽ ነው፤ ኮብልስቶኑ ላይ ጥርስሽን ያረግፈዋል» አለ። እስከዚህ ድረስስ እውነቱን ነው። ሦስተኛው ግን የአስጎብኚው የኢያቄም ስኩተር ነበር። ኢያቄም ኑሮውን ወደ ወልድያ ሊያዛውር ስለሆነ በጥድፊያ ይሸጣል። ደሳለ ተንበርክኮ አየው፤ አስነስቶ አዳመጠው፤ ጎማውን ተጫነው። እንከን አጣለት።

«ቀለሙ ደስ አይልም» አለ በመጨረሻ።

«ቀለሙ?»

«አዎ፣ ሰማያዊ አይሆንሽም።»

የለበሰችው ቀሚስ ከአንገቱ እስከ ጫፉ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ነበር። ቀሚሷንም ደሳለንም አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

በማግስቱ ከተማው ውስጥ ነዳጅ ጠፋ። ደሳለ ወረፋ ላይ እንደቆመ ረፈደ። በመጨረሻ ሲደርስ የትናየት ጥቅሏን አዝላ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ከሆቴሉ በር ተመልሳ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀሚሶቹን ያዘዙት እንግዶች ወደ አየር ማረፊያ ሄደዋል።

«ባለሱቁ ሁለተኛ ካረፈድሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ» አለችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ደሳለ ራሱን ጠላ። አንዲት መንገድ እንዳትቀርበት ብሎ የልጅቱን እንጀራ ሊዘጋባት!

«የኢያቄምን ግዢ» አላት። «ከሦስቱ እሱን የሚያክል የለም፤ ትንሽ ነዳጅ ብዙ ቀን ያስኬደዋል። ቀለሙም ያምራል።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቅዳሜ አባቴ ለገበያ ይመጣሉ። እሳቸው ይዩትና ይገዛል።»

አባቷ አያ ወልደ ጊዮርጊስ ሙጃ በምትባል ከተማ የሚኖሩ በቅሎ ነጋዴ ናቸው። ቅዳሜ ስኩተሩን ዞረው ዞረው አዩት፤ ወንበሩን መታ መታ አደረጉት። ያልሞከሩት ጥርሱን ማየት ብቻ ነው።

«አመሏ እንዴት ነው?»

«አመል የላትም፣ አባቴ» አለ ኢያቄም ሳቁን ውጦ።

«በቅሎ ሜዳ ላይ አትታወቅም። ጭናችሁ ዳገት አውጧት። አንተ ልጅ ንዳ፤ የትናየት፣ አንቺ ከኋላው ውጪ።»

እስከዛሬ በመስተዋት ብቻ የሚያያት ልጅ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ደሳለ መሪ መያዙ ራሱ ጠፋው። ስኩተሩ ግን ዳገቱን ሳያቃስት ወጣው። አናቱ ላይ ቆሙ። ከታች ገበያው ይንጫጫል፤ ከፊታቸው የአሸተን ተራራ አለ።

«ቀለሙ ምን አድርጎህ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ከገዛሽ ጠዋት ጠዋት አላይሽም ብዬ ነው» አለ ሳይዞር። «እወድሻለሁ፣ የትናየት። ይኸው፣ ወጣልኝ።»

እጇ ከትከሻው አልተነሳም፤ ይልቅ ጠበቅ አለ።

«ቆይ፣ የምሰናበተው ባጃጇን ነው ወይስ አንተን?»

ደሳለ ዞሮ አያት። ዓይኗን አልሰበረችም። መውረድ እንዳለባቸው ትዝ ያላቸው ብዙ ቆይተው ነው።

አያ ወልደ ጊዮርጊስ በትራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። «ደግ ነች። አሁን ዋስ ጥሩልኝ» አሉ።

«ለስኩተር ዋስ?» አለ ኢያቄም ግራ ገብቶት።

«ያለ ዋስ በቅሎ ገዝቼ አላውቅም። ነገ አመል ብታወጣ ማንን ልያዝ? አንተ እንደሁ አገር ልትለቅ ነው።»

«እኔ ዋስ ነኝ» አለ ደሳለ። «የትም ብትቆም፣ የትም ብሆን መጥቼ እጠግናታለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስካለሁ ድረስ።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ዳገት ላይ የሚዘገይ ከብት ብዙ አይቻለሁ፤ ቁልቁለት ላይ የሚዘገይ ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ስትወጡ በረራችሁ፤ ስትወርዱ የት ቀራችሁ?»

ደሳለ የስኩተሩን መስተዋት ማስተካከል ጀመረ።

«ይሁን። ለሞተሯ አንተ ዋስ ሆንክ። ላንተስ ዋስህ ማነው?»

ደሳለ ወደ ኢያቄም ዞረ። ኢያቄምም መሬት መሬት አየ።

«እኔ አለሁ፣ አባቴ» አለች የትናየት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

አያ ወልደ ጊዮርጊስ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ደበቁ። «በል እንግዲያ ሽማግሌ ላክ። እኔ ካለ ዋስ አልገዛም እንጂ ዋስ ከተገኘ አላስቸግርም።»

መንዳቱን ደሳለ ራሱ አስተማራት። ሽማግሎቹ ሙጃ ደርሰው፣ እሺ ተብለው በተመለሱ ሰሞን፣ ደሳለ ወደ ነዳጅ ወረፋ ሊወጣ ሲል ደጁ ላይ ክላክስ ሰማ።

«ውጣ! ዛሬ ተሳፋሪው አንተ ነህ!»

የጥልፉን ጥቅል አቅፎ ከኋላዋ ተቀመጠ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ስኩተሩም አቅም አያንሰውም። የትናየት ግን እግረኛ እስኪቀድማቸው ድረስ ቀስ ብላ ነዳች።

«ምነው፣ ጎማውን ድንጋይ ነካው?» አላት በጆሮዋ።

«አዎ» አለች እየሳቀች። «ድንጋይ ነው።»