በጥድ ሜዳ የተበተነው አውጫጭኝ

ግንቦት 1997 ዓ.ም.፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው ጥድ ሜዳ ጉም ለብሳ ነበር። አዲሱ የወንጀል ሕግ የቀድሞውን ተክቶ ከጸና ገና ጥቂት ቀኑ ነው፤ የጥድ ሜዳ ሰው ግን ወሬውን በሬዲዮ ከመስማቱ በቀር ምን እንደ ተለወጠ አያውቅም፤ ያን ሰሞን ጭንቀቱ ሌላ ነበር።

የአልዩ አምባው ነጋዴ የሐጂ ዓወል ታናሽ ልጅ ከአንኮበር ገበያ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ተገድሎ በቅሎዎቹ ተነድተዋል። ቆለኞቹ ገዳዩ ደገኛ ነው አሉ፤ ደገኞቹ የእኛ ሰው አይደለም አሉ፤ ፖሊሱ ለምርጫው ጥበቃ ተሰማርቶ ስለ ነበር ምርመራው ወደ ኋላ ቀረ። ታላቅ ልጁ ታጁ ጠመንጃ ሲወለውል ያየው ሐጂ ዓወል፣ ወደ ቆየ ወዳጁ ወደ አቶ ኪዳነወልድ ወጣ። ኪዳነወልድ የአጥቢያ ዳኛ ልጅ ነው፤ አባቱ አውጫጭኝ፣ ወንጀለኛ የሚያወጣውን የአገር ሸንጎ፣ ሲያስቀምጥ አጠገቡ ቆሞ ያደገ ሽማግሌ።

«ስም አውጣልኝ፤» አለው ዓወል። «ስም ካገኘሁ ታጁን አስሬም ቢሆን ሰውየውን ለሕግ እሰጣለሁ። ካጣሁ ታጁ ያገኘውን ይገላል።»

ኪዳነወልድ አውጫጭኝ ጠራ፤ የደጋውም የቆላውም ወንድ ዱላውን ይዞ መጣ፤ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ ሙስሊሙ በቁርኣን ማለ። ደንቡ፣ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ከመስኩ አይነሣም፤ ሁሉም ተራ በተራ ወደ ዳኛው ጆሮ ጎንበስ ብሎ ያየውን ወይም አለማየቱን ያንሾካሽካል፤ ስለዚህ ጠቋሚው ማን እንደ ሆነ አይለይም። ጠቋሚውን ወፍ ይሉታል። አንዲት ወፍ ግን አትበቃም፤ በቂም ሰው እንዳይጠፋ፣ ስሙን ሌላ ሰው ካልደገመው ዳኛው ለማንም ላያወጣው ይምላል።

አንዱ ቀልደኛ፣ ለሚስቴ እንኳ ጆሮዋ ሥር እንዲህ አንሾካሽኬ አላውቅም ብሎ ሰውን አሳቀ። ሰልፉ ሳይጋመስ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «ገብረአብ፤» አለ። ኪዳነወልድ ፊቱን ሳይለውጥ ቀጣዩን ጠራ።

ያን ጊዜ ፖሊሶች በመኪና ደረሱ። አዛዣቸው ወጣት ነው፤ ትሑትም ነበር።

«አባቴ፣ ይህን ሁሉ ሰው ማን ፈቅዶልዎት ሰበሰቡ?»

«ደም ፈሶ ነው የሰበሰብሁት።»

«አዲስ ሕግ ወጥቷል። ዱላ ይዞ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ያስቀጣል። ይበትኑልኝ።»

ኪዳነወልድ ተራቸው ያልደረሰውን ሰዎች አየ፤ ብዙ ናቸው። እስኪመሽ እንዲታገሠው ለመነው፤ አሁን ቢበተን ሰው እንደሚሞት ነገረው፤ አዛዡ እንቢ አለ። ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ማንም እንዳይነሣ፤» አለ። ክሱ በኋላ የተጻፈው በዚህ ቃል ነው። ፖሊሶቹ ወደ ሰማይ ተኮሱ፤ ሰዉ ገደል ለገደል ተበተነ፤ ኪዳነወልድ ታስሮ ደብረ ብርሃን ተወሰደ።

ዓወል እስር ቤት ድረስ መጣ።

«ስም ወጣ ወይ?»

ኪዳነወልድ ስሙን ቢሰጥና ገብረአብ ንጹሕ ቢሆን ደሙ በእሱ ነው፤ ዝም ቢል ታጁ አለ፤ ለመርማሪው እንዳይነግርም መሐላው ያዘው።

«አልተሟላም።»

«አለ ማለት ነው።»

«አልተሟላም አልሁህ። አባቴም በአንዲት ወፍ ሰው አልሰጠም።»

«የአባትህን ሸንጎ ፖሊስ አልበተነበትም፤» አለ ዓወል፤ ተነሥቶም ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ታጁ ቃለ አብ የሚባለውን የደጋ ዲያቆን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቆ ገደለው፤ ምክንያቱ ዲያቆኑ ከሟቹ ጋር ገበያ ላይ ተጨቃጭቋል የሚል ወሬ ብቻ ነበር። ኪዳነወልድ ይህን የሰማው በተፈረደበት ዕለት፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። ዳኛዋ የቅጣት ማቅለያ እንዳለው ስትጠይቀው፣ የለኝም አለ።

ኪዳነወልድ እስሩን ሳይጨርስ፣ ገብረአብ የዓወልን በቅሎዎች አረርቲ ገበያ ሲሸጥ ተይዞ ግድያውን አመነ።

የጥድ ሜዳው ስብሰባ በአንድ መዝገብ፣ የዲያቆኑ ሞት በሌላ፣ የገብረአብ ጥፋት በሦስተኛ ተቀመጠ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ያነበበ የለም። ኪዳነወልድ ከእስር ወጥቶ እስኪሞት ድረስ፣ የቃለ አብን እናት ባየ ቁጥር ከመንገድ ይወጣ ነበር፤ ሴትዮዋም መታሰሩ አሳፍሮት ይመስላት ነበር።